ታጋሽና ታዛዥ፦ የጉዞና የኤሮባቲክስ ትንንሽ አውሮፕላኖች እንዴት ተለያዩ?

ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን እየበረሩ ነው እንበል። ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው መንትዮች ይመስላሉ። አብራሪዎቹ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተዋል። ድንገት ንፋስ መጣና የሁለቱንም ግራ ክንፍ ወደ ታች ገፋው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ትንሽ ተወዛውዞ በራሱ ጊዜ ይቃናል። ሁለተኛው ንፋሱ ባዘነበለው ልክ እንዳዘነበለ ይቀጥላል፤ ካልመለሱት አይመለስም።

የመጀመሪያው የጉዞ አውሮፕላን ነው፣ ሁለተኛው የኤሮባቲክስ። ሁለተኛው ጉድለት ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ሆን ተብሎ እንዲያ የተሠራ ነው። አንዱ የአብራሪውን ስሕተት እንዲታገስ ተደርጓል፤ ሌላው የታዘዘውን ሳያንገራግር እንዲፈጽም። ታጋሽነት ሲጨምር ታዛዥነት ይቀንሳል፣ ታዛዥነት ሲጨምር ታጋሽነት። የእነዚህ አውሮፕላኖች የመቶ ዓመት ታሪክ የሚገባን ይህን ስንይዝ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሮባቲክስ፣ ስቶል፣ ስፒን፣ ጂ፦ ምን ማለት ናቸው?

ኤሮባቲክስ ማለት ለመደበኛ በረራ የማያስፈልጉ እንቅስቃሴዎችን በአየር ላይ ሆን ብሎ መሥራት ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ሙሉ ክብ ሠርቶ ሲመለስ «ሉፕ» ይባላል። ወደፊት እየሄደ እንደሚጠብቅ ብሎን በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ደግሞ «ሮል» ነው።

«ስቶል» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሞተር መጥፋት ይመስለዋል። ከሞተር ጋር ግንኙነት የለውም። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው አየሩ ገጹን ተከትሎ ሲፈስ ነው። አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ካለ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቃል፤ ያኔ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራም ይህ ሊሆን ይችላል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጥ ስቶል ሲያደርግ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ቁልቁል ይወርዳል፤ እሱ «ስፒን» ነው። ከኤሮባቲክስ እንቅስቃሴዎች አንዱ ስፒን ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲመጣ ግን ብዙ አብራሪዎችን ገድሏል።

«ጂ» ሰውም አውሮፕላንም በእንቅስቃሴ ወቅት የሚሰማው የክብደት ብዜት ነው። ቆመንም ተቀምጠንም የምንሰማው 1 ጂ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አብራሪ 6 ጂ ሲደርስበት መቀመጫው ላይ 420 ኪሎ ሆኖ ይጫናል፤ እጁን ማንሳት ይከብደዋል፣ ደሙ ከራሱ ወደ እግሩ ይሸሻል። ክንፉም እንደዚሁ አውሮፕላኑን ስድስት እጥፍ አድርጎ ይሸከማል። ከዜሮ በታች ያለው አሉታዊ ጂ በተቃራኒው አብራሪውን ከመቀመጫው ነቅሎ ወደ ቀበቶው ይገፋዋል።

የጉዞ አውሮፕላን የሚባለው ደግሞ ሁለት ወይም አራት ሰው ይዞ፣ ብዙ ነዳጅ ሳይፈጅ፣ ከአንድ ሜዳ ወደ ሌላው የሚያደርስ የግል ወይም የክለብ አውሮፕላን ነው።

በአየር ላይ መገለባበጥ ለምን ተጀመረ?

ኤሮባቲክስ በተመልካች ፊት ለመታየት የተፈጠረ ይመስላል። ከሥሩ ሲታይ ግን ጥያቄው የሕይወትና የሞት ነበር፦ አውሮፕላን ከቁጥጥር ሲወጣ እንዴት ይመለሳል?

ነሐሴ 25 ቀን 1912 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ዊልፍሬድ ፓርክ ጋቢናው ዝግ በሆነ አቭሮ አውሮፕላን ሳልዝበሪ ሜዳ ላይ ይበር ነበር። ለማረፍ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አውሮፕላኑ ስፒን ውስጥ ገባ። በዚያ ዘመን ከስፒን እንዴት እንደሚወጣ የታወቀ ዘዴ አልነበረም። ፓርክ ማንም የሚያደርገውን አደረገ፤ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፣ የእግር መሪውን ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ረገጠ። ሽክርክሪቱ ባሰ። ከወንበሩ እንዳይወረወር በአንድ እጁ የጋቢናውን ቋሚ ሲጨብጥ የእጅ መሪውን ለቀቀ። መሬት ሲቀርብ የመጨረሻ ሙከራ አድርጎ እግሩን በተቃራኒው ረገጠ። አውሮፕላኑ ቀጥ አለና ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ላይ ተቃንቶ በረረ። በቦታው የነበሩ አውሮፕላን አዋቂዎች የሆነውን አንድ በአንድ ጠይቀው መዘገቡ። ፓርክ በዚያው ዓመት ማብቂያ በሌላ አውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተወው ግን ዛሬም ለተማሪ የሚሰጠውን ትምህርት ነው፦ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ርገጥ፣ መሪውን አትሳብ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፊዚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ሊንደማን በረራ ተምሮ በፋርንቦሮ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ማዕከል ሆን ብሎ ስፒን ውስጥ እየገባ ነገሩን በልኬት አረጋገጠ።

ከፓርክ አንድ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1913፣ ሩሲያዊው የጦር አብራሪ ፒዮትር ኔስቴሮቭ ኪዬቭ ላይ በኒዩፖር አውሮፕላን የመጀመሪያውን ሉፕ ሠራ። አለቆቹ የመንግሥትን ንብረት ለአደጋ አጋልጧል ብለው ቅጣት ጣሉበት፤ በኋላ ግን ማዕረግ ተጨመረለት። በዚያው ወር ፈረንሳዊው አዶልፍ ፔጉ ብሌሪዮ አውሮፕላኑን ዘቅዝቆ በረረ። ፔጉ ወደዚህ የመጣበት መንገድ ያስደንቃል። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ፓራሹት ለመሞከር ከአውሮፕላን ዘሎ ነበር፤ ሲወርድ ቀና ብሎ ቢያይ ባዶው አውሮፕላን ያለ አብራሪ በሰማይ ላይ ሲገለባበጥ ተመለከተ። ባዶ ሆኖ ከቻለ እኔ ውስጡ ሆኜ ለምን አይችልም ብሎ ተነሳ።

በዚህ ዘመን የጉዞና የኤሮባቲክስ አውሮፕላን የሚባል ክፍፍል አልነበረም። አንድ አውሮፕላን ሁሉንም ይሠራ ነበር፤ አብዛኛውን በመጥፎ ሁኔታ።

ተራ ሰው የሚገዛው አውሮፕላን ከየት መጣ?

ከጦርነቱ በኋላ የተረፉ የጦር አውሮፕላኖች በርካሽ ይሸጡ ነበር። ችግሩ ከገዙ በኋላ ነው፤ ሞተራቸው ትልቅ፣ ነዳጅ ፈጅና ብዙ ጥገና የሚጠይቅ ነበር። ለአንድ የግል በራሪ የሚመጥን ቀላል፣ አስተማማኝና ርካሽ ሞተር አልነበረም።

መፍትሔው በቁርጥራጭ ተገኘ ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ ፍራንክ ሃልፎርድ የተባለ መሐንዲስ ከጦርነት የተረፈውን ስምንት ሲሊንደር ያለው ሬኖ ሞተር ወሰደና ከሲሊንደሮቹ ግማሹን ብቻ አዲስ አካል ላይ ገጠመ። አራት ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲረስ ሞተር እንዲህ ተወለደ። ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ በሞተሩ ዙሪያ አንድ አውሮፕላን ሠራና የካቲት 22 ቀን 1925 ራሱ አበረረው። ስሙ ሞዝ ነው። ከእንጨት የተሠራ፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ክንፎቹ ወደ ኋላ ስለሚታጠፉ በመኪና ተጎትቶ መጋዘን ይገባል። በዚህ አውሮፕላን የበረራ ክለቦች ተስፋፉ። በ1930 ኤሚ ጆንሰን በአንዱ ከእንግሊዝ ተነስታ ብቻዋን አውስትራሊያ ደረሰች።

የሞዝ ልጅ የሆነው ታይገር ሞዝ በ1931 ሲመጣ አንድ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ የአውሮፕላኑን መልክ ቀየረው። የጦር ተማሪዎች ማሠልጠኛ ስለነበር የፊት መቀመጫ ላይ ያለው ሰው ፓራሹት አዝሎ መዝለል መቻል አለበት። በአሮጌው ሞዝ ግን የላይኛው ክንፍና ደጋፊ ቋሚዎቹ ልክ ከራሱ በላይ ነበሩ። ነዳፊዎቹ የክንፉን መሃል ወደ ፊት ገፉት። ያኔ ደግሞ ሚዛኑ ተናጋ፤ የሚሸከመው ኃይል ወደ ፊት ሄዶ ክብደቱ ከኋላ ቀረ። ሚዛኑን ለመመለስ የክንፎቹን ጫፍ ወደ ኋላ ቀለሱት። ታይገር ሞዝን ያየ ሰው ወደ ኋላ የተቀለሰውን ክንፉን ልብ ይላል፤ ምክንያቱ ፍጥነት ሳይሆን አንድ ሰው ቢቸግረው መውጫ እንዲኖረው ነው። ከ8,000 በላይ ተሠርቷል።

የጉዞ አውሮፕላን ጥሩ የሚባለው ምን ሲኖረው ነው የሚለውን ያጠሩት ደግሞ በ1929፣ በ1930፣ በ1932 እና በ1934 በአውሮፓ የተካሄዱት የቱሪንግ አውሮፕላኖች ዓለም አቀፍ ውድድሮች ናቸው። የፍጥነት ውድድር ብቻ አልነበሩም። የመቀመጫው ምቾት፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ የክንፉ አተጣጠፍ፣ በአጭር ሜዳ መነሳትና ማረፉ፣ እንዲሁም ሳይወድቅ ምን ያህል ዝግ ብሎ መብረር እንደሚችል ሁሉ ነጥብ ነበረው። ከዚያ በኋላ አውሮፓን መዞር ይቀራል። የ1932ቱን ፖላንዳውያኑ ፍራንሲሼክ ዥቪርኮና ስታኒስዋፍ ዊጉራ አርደብሊውዲ 6 በተባለ አውሮፕላን አሸነፉ፤ ዊጉራ ከነዳፊዎቹ አንዱ ነበር። አውሮፕላናቸው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት በአየር ላይ መቆየት ይችል ነበር። ካሸነፉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 11፣ ማዕበል ውስጥ ገብተው የአውሮፕላኑ ክንፍ ተሰበረና ሁለቱም ሞቱ። ድላቸው የተገኘበት ነሐሴ 28 በፖላንድ እስከ ዛሬ የአቪዬሽን ቀን ነው።

ለ1934ቱ ውድድር ሜሰርሽሚት የሠራው አራት ሰው የሚይዝ ታይፉን ሙሉ በሙሉ ብረት፣ ጎማውም የሚታጠፍ ነበር። በእሱ ላይ የተገኘው ልምድ ወዲያው ወደ ጦር አውሮፕላን ተሻገረ።

ተዘቅዝቆ ለመብረር ምን ይጎድላል?

የጉዞው ወገን ዝግ ብሎ መብረርንና ምቾትን ሲያሻሽል የኤሮባቲክሱ ወገን በሌላ ችግር ተጠምዶ ነበር። ለአፍታ መገልበጥ ቀላል ነው፤ ተዘቅዝቆ መቆየት ግን አውሮፕላኑን ከውስጡ መለወጥ ይጠይቃል።

ከሞተሩ እንጀምር። ነዳጅን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ነዳጁ የሚመጠነው በተንሳፋፊ ነው፤ የውኃ ታንከር ሲሞላ ውኃውን እንደሚዘጋው ዓይነት። ተንሳፋፊ ታችና ላይን ካላወቀ አይሠራም። አውሮፕላኑ ሲዘቀዘቅ ተንሳፋፊው በተሳሳተ ጎን ይወድቃል፤ ሞተሩ ወይ በነዳጅ ይታፈናል ወይ ይጠማል። በታንኩም ቢሆን ነዳጁ ወደ ጣሪያው ስለሚሄድ ከታች ያለው መምጫ ቀዳዳ አየር ይስባል። ዘይቱም እንዲሁ፤ ያለ ዘይት ደግሞ ሞተር ብዙ አይቆይም።

ለታንኩ የተገኘው መላ ልብ የሚያረካ ነው። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ተጣጣፊ ቱቦ ታንኩ ውስጥ ይንጠለጠላል። ነዳጁ ወደወደቀበት ጎን ክብደቱም ቱቦውን ይዞ ይወድቃል፤ ታች ላይ ሆነ፣ ላይ ታች ሆነ፣ የቱቦው አፍ ከነዳጁ አይለይም። ካርቡራተሩን ደግሞ ነዳጅን በግፊት የሚረጭ ሥርዓት ተካው።

ቀጥሎ ክንፉ። የጉዞ አውሮፕላን ክንፍ ላዩ ጎበጥ፣ ታቹ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ይህ ቅርጽ በዝግታ ለመብረር ይመቻል፤ ሲዘቀዘቅ ግን ጉብታው በተሳሳተ ጎን ስለሚሆን ለመሸከም አፍንጫውን በጣም ማቅናት ይፈልጋል። የኤሮባቲክስ ክንፍ ላዩም ታቹም እኩል የጎበጠ ነው፤ የትኛው ጎን ላይ እንደሆነ ግድ አይሰጠውም። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ ለማረፍ ሲዘገይ ያንን ያህል አያግዝም፤ ስለዚህ በፍጥነት ማረፍ ግድ ይሆናል።

ሦስተኛው መረጋጋት ነው። አንድ ኳስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ብታስቀምጡት የትም ብትገፉት ወደ መሃል ይመለሳል፤ የጉዞ አውሮፕላን እንዲህ ነው። ክንፎቹ ከፊት ሲታዩ ጫፋቸው ትንሽ ቀና ያለው ለዚህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ኳስ ደግሞ ካስቀመጡት ቦታ ይቆያል። የኤሮባቲክስ አውሮፕላን ወደዚህ ይጠጋል፤ ክንፉ ቀጥ ያለ ነው። ታጋሹን አውሮፕላን ከዘቀዘቁት ያ የረዳው ቅርጽ አሁን ጠላት ይሆናል፤ ሳህኑ ተደፍቶ ኳሱ ጫፉ ላይ እንደተቀመጠ ማለት ነው።

ተዘቅዝቆ መብረርን ወደ ጥበብ ካደረሱት አንዱ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ፊዘለር በ1934 ፓሪስ ላይ በተደረገው የኤሮባቲክስ የዓለም ዋንጫ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ስዊድናዊው አንደርስ አንደርሶን የነደፈው ቡከር ዩንግማን በረረ። ከድርብ ክንፎቹ በላይኛውም በታችኛውም ላይ ሮል የሚያሠሩ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ስለነበሩት ለእጅ በጣም ቅርብ ነበር። በእኔ ግምት ታጋሽነትና ታዛዥነት እንደዚህ አውሮፕላን የተስማሙበት ጊዜ ብዙ የለም፤ ጀማሪን ያስተምራል፣ አዋቂንም አያሰለችም።

ክንፍ ምን ያህል ይችላል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሪነቱ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ሄደ። ዝሊን ትሬነር የተባለው ማሠልጠኛ ነጠላ ክንፍ፣ ብረት ለበስና ረጅም ነው። በ1960 ብራቲስላቫ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ኤሮባቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ በዝሊን የበረረው ላዲስላቭ ቤዛክ አሸነፈ። ሎምቾቫክ የሚባለውን፣ አውሮፕላኑ ከመብረር ይልቅ በአየር ላይ እየተንከባለለ የሚወረወርበትን እንቅስቃሴ ያስተዋወቀውም እሱ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ብረትን ያደክማል። የሽቦ ቁራጭ አንዴ ብታጥፉት አይሰበርም፤ ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካጠፋችሁት ግን ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይበጠሳል። የክንፍ አጥንትም እንደዚሁ ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1970 የእንግሊዙ ሻምፒዮን ኒል ዊሊያምስ ሀላቪንግተን ላይ በዝሊን ልምምድ እየሠራ ነበር። ከታች አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ከፍተኛ ድምፅ ሰማ፤ ግራ ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ማያያዣ ተሰብሮ ነበር። ለፓራሹት ከፍታ የለም። አውሮፕላኑ ወደ ግራ እየተንከባለለ ይወድቃል። ያኔ አንድ የሰማው ነገር ትዝ አለው፤ የላይኛው ማያያዣ ተሰብሮበት ሳይዘቀዘቅ በመብረር ስለተረፈ አንድ ቡልጋሪያዊ አብራሪ። የእሱ የተሰበረው ታችኛው ከሆነ መፍትሔውም የዚያ ተቃራኒ መሆን አለበት። አውሮፕላኑን ዘቀዘቀው። ተዘቅዝቆ ሲበር ኃይሉ ክንፉን በተቃራኒው ስለሚገፋው ክንፉ ተመልሶ ቦታው ላይ ገባ። ይወድቃል ብሎ ዘግቶት የነበረውን ነዳጅ ከፍቶ ሞተሩን እንደገና አስነሳ፤ እንደተዘቀዘቀ ሜዳውን ዞረ፣ እንደተዘቀዘቀም ለማረፍ ወረደ። መሬት ሲደርስ፣ በመጨረሻው ቅጽበት፣ ገለበጠውና ጎማ ሳያወጣ በሆዱ አሳረፈው። ክንፉ ያን ጊዜ ተጣጠፈ። ዊሊያምስ ወጥቶ ሄደ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ስለ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም። ፓርክ በ1912 ያልነበረው ነገር ዊሊያምስ ነበረው፦ ኃይሉ የትኛውን የክንፍ ጎን እንደሚስብና የትኛውን እንደሚጫን በደመ ነፍስ ማወቅ። ያ ዕውቀት የተገኘው በኤሮባቲክስ ነው።

ዛሬ የብቃት ማረጋገጫ ሕጎች ይህን በቁጥር ያስቀምጣሉ። ለረጅም ጊዜ በሠራው የአሜሪካ ደንብ መደበኛ ትንሽ አውሮፕላን እስከ 3.8 ጂ፣ የኤሮባቲክስ የሚባለው ቢያንስ እስከ 6 ጂ፣ በአሉታዊ ጎን ደግሞ እስከ 3 ጂ መሸከም አለበት፤ ከዚያ በላይም የመጠባበቂያ ጥንካሬ ይጨመርበታል።

የኤሮባቲክስ አውሮፕላኖች ለምን እንዲህ አነሱ?

ረጅም አጣና ተሸክማችሁ ለመዞር ሞክሩ፤ ከዚያ አጭር ዱላ ይዛችሁ። ልዩነቱ ከክብደቱ ይልቅ ክብደቱ ከመሃል ምን ያህል ርቆ እንደተዘረጋ ነው። አሜሪካዊው ከርቲስ ፒትስ በ1944 ያበረረው ፒትስ ስፔሻል ይህን እስከ ጥጉ ወሰደው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በኋላ ቤቲ ስኬልተን የገዛችው አንዱ ባዶውን 250 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በ1949 እና በ1950 በእሱ የአሜሪካ ሴቶች ሻምፒዮን ሆነችበት። ያ ቀይና ነጭ አውሮፕላን ዛሬ በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል።

ፒትስ ለአሥርት ዓመታት የትርኢት አውሮፕላን ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በ1972 ፈረንሳይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግን አሜሪካውያን በእሱ የወንዶቹንም የሴቶቹንም የቡድኑንም ድል ወሰዱ። ትንሹ ድርብ ክንፍ ረጅሙን ዝሊን አስረጀው።

ዳኞች እንቅስቃሴውን የሚመዝኑት በጎን 1,000 ሜትር በሆነ ምናባዊ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስፔናዊው ሆሴ ሉዊስ አሬስቲ በፈጠረው የምልክት አጻጻፍ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አስቀድሞ እንደ ሙዚቃ ኖታ ይጻፋል። መስመሩ ቀጥ፣ መቆሙ ስል መሆን አለበት። ለዚህ ነጠላ ክንፍ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ካርቦን ፋይበር ስላለ ቀላልም ብርቱም ሆኖ። የሶቭየቱ ሱኮይ 26 በ1984፣ የጀርመናዊው ዋልተር ኤክስትራ 300 በ1988 በረሩ። ሱኮይ ላይ አብራሪው ወደ ኋላ ጋለል ብሎ ይቀመጣል፤ ልቡና ራሱ በከፍታ ስለሚቀራረቡ ደሙ በጂ ጊዜ ቶሎ አይሸሽም። ኤክስትራ በሰከንድ 400 ዲግሪ ያህል ይሽከረከራል፤ አንድ ሙሉ ሮል አንድ ሰከንድ አይሞላም። ታዛዥነት እዚህ ደርሷል።

ታጋሾቹስ የት ደረሱ?

ከ1938 እስከ 1947 የተሠራው ቢጫው ፓይፐር ከብ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይዞ ወደ 20,000 ገደማ ተሠራ። ከእሱ በኋላ ትልቁ ለውጥ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ቀድሞ ትንሿ ጎማ ከጅራት ሥር ነበረች፤ ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሆነ ሲያርፍ ጅራቱ ቀድሞ መዞር ይፈልጋል፣ ከኋላ እየተገፋ እንደሚሄድ ጋሪ። ጎማዋ ወደ አፍንጫ ስትመጣ ክብደቱ ከፊት ሆኖ አውሮፕላኑ ራሱን ያቀናል። በ1955 የበረረው ሴስና 172 ይህን ከላይ ከተሰቀለ ክንፍ ጋር አጣምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተሠራ ሌላ አውሮፕላን የለም። ምን ያህል ታጋሽ እንደሆነ ለማየት፣ በ1958 ማብቂያ ሁለት ሰዎች ላስ ቬጋስ ላይ በአንዱ ተነስተው ከ64 ቀን በላይ ሳያርፉ ቆይተዋል። ነዳጅ የሚወስዱት ከታች በመንገድ ላይ ከሚነዳ መኪና በቱቦ ነበር።

ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ያዘች። ኤዱዋር ዦሊና ዣን ዴሌሞንቴ በ1948 ያበረሩት ዦዴል ከእንጨት ነው፤ ክንፉ መሃሉ ቀጥ ብሎ ጫፎቹ ብቻ ወደ ላይ ይቀለሳሉ። ፒየር ሮባን በ1957 ዲዦን አጠገብ የጀመረው ፋብሪካ ያንን ክንፍ ወደ አራት ሰው አውሮፕላን አሳደገው፤ በ1972 የበረረው ዲአር 400 ዛሬም የፈረንሳይ ክለቦች ዋና አውሮፕላን ነው። እንጨት ኋላ ቀር ይመስላል፤ በደረቅ ቦታ ከተያዘ ግን እንደ ብረት በመታጠፍ ብዛት አይዝልም።

ሁለቱን በአንድ አውሮፕላን ማግኘት አይቻልም?

ይቻላል፤ በስምምነት። የፈረንሳዩ ካፕ 10 በ1968 ከአንድ የእንጨት ጉዞ አውሮፕላን ተወልዶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የኤሮባቲክስ ማሠልጠኛ ሆነ። በእንግሊዝ ቢግል ፐፕ በ1967 ለክለቦች ተሠራ፤ ለእጅ የሚያስደስት ነበር፣ ኩባንያው ግን ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ከፐፕ የተወለደውን ቡልዶግ የተባለ የጦር ማሠልጠኛ ስኮቲሽ አቪዬሽን ተረክቦ ሠራው። በኋላም ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1971 የጀመረው፣ ገዢው ራሱ ቤቱ የሚገጣጥመው የአርቪ ቤተሰብ በፍጥነት ይጓዛል፣ በአጭር ሜዳ ያርፋል፣ ቀለል ያለ ኤሮባቲክስም ይሠራል።

ታዲያ ለምን በየሜዳው ያረጁ አውሮፕላኖች ይበዛሉ?

በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች 17,811 የግልና የንግድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሠሩ። በ1994 የሠሩት 928 ብቻ ነው። ነዳጅ መወደዱና ኢኮኖሚው መድከሙ ድርሻ ነበራቸው፤ ከባዱ ግን የካሳ ክስ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ አውሮፕላን ሲወድቅ ሠሪው ይከሰስ ነበር፤ የመድን ወጪው ወደ አዲሱ አውሮፕላን ዋጋ ይገባል። ሴስና በ1986 ባለ አንድ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን መሥራት አቆመ። በ1994 የወጣ ሕግ ከ18 ዓመት በላይ የሆነውን አውሮፕላን ሠሪ በአብዛኛው ከክስ ነፃ ሲያደርግ ሴስና ወደ ሥራው ተመለሰ። በመሃል ግን አንድ ትውልድ ያህል አውሮፕላን ሳይተካ ቀርቷል።

በዚህ መሃል ስፒን ከትምህርት እየወጣ ነበር። አሜሪካ ከ1949 ጀምሮ የግል አብራሪ ስፒን ገብቶ እንዲወጣ መጠየቋን ትታለች፤ ትኩረቱ ከመውጣት ይልቅ ወደ አለመግባት ዞረ። በ1998 የጸደቀው ሲረስ ኤስአር 20 (ከቀድሞው ሲረስ ሞተር ጋር ስም ብቻ ይጋራል) ይህን ወደ ዳር አደረሰው፦ ክንፉ ስፒን እንዳይገባ የሚያስቸግር፣ ከገባም አብራሪው እጀታ ስቦ አውሮፕላኑን በሙሉ በፓራሹት የሚያወርድበት። ፓርክ በእግሩ የተማረውን እዚህ ሮኬትና ጨርቅ ይሠሩታል። ከቁጥጥር መውጣት ዛሬም ከትንንሽ አውሮፕላኖች ገዳይ አደጋዎች ዋነኛው ስለሆነ ብዙ አሠልጣኞች ተማሪያቸውን ቢያንስ ጥቂት ሰዓት በኤሮባቲክስ አውሮፕላን እንዲበር ይመክራሉ፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ተዘቅዝቆ የማያውቅ ሰው ሲዘቀዘቅ እጁ የሚነግረው እንደ ፓርክ የመጀመሪያ ሙከራ የተሳሳተውን ነው።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጥቷል። በ2016 በኤክስትራ 330 ላይ ተገጥሞ የበረረው የሲመንስ ሞተር 50 ኪሎ ግራም እየመዘነ 260 ኪሎ ዋት ያወጣ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ተንሳፋፊ የለው፣ ካርቡራተር የለው፤ ላይና ታች ለእሱ አንድ ነው። የኤሮባቲክስ ነዳፊዎች ለዓመታት የታገሉት ችግር እንዲሁ ጠፋ። የጉዞው ወገን ግን ሌላ ችግር ገጠመው፦ ነዳጅ እየነደደ ሲሄድ አውሮፕላኑ ይቀላል፤ ባትሪ ባዶ ሲሆንም የሞላውን ያህል ይመዝናል። በሰኔ 2020 የአውሮፓ የበረራ ደኅንነት ኤጀንሲ ያጸደቀው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ አውሮፕላን ፒፒስትረል ቬሊስ ኤሌክትሮ አንዴ ተሞልቶ የሚበረው 50 ደቂቃ ያህል ነው። ሜዳውን ለሚዞር ተማሪ ይበቃዋል፤ አውሮፓን ለመዞር ግን አይበቃም።